የ3 ግራም መንገደኛ

ዛሬ በረንዳዬ ላይ በሰቀልኩት የስኳር ውሃ ዙሪያ ጦርነት ሆኖ ዋለ። እዚህ ቴክሳስ ባሕር ዳርቻ መስከረም ሲገባ ሃሚንግበርድ የሚባሉ ባለ ቀይ ጉሮሮ ጥቃቅን ወፎች ወደ ደቡብ ያልፋሉ። ክብደታቸው 3 ግራም ያህል ነው፤ ከጉዞው በፊት ግን ስብ አጠራቅመው እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ፣ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያለ ዕረፍት ያቋርጣሉ። እኔ ደረጃ ስወጣ እንኳ መሃል ላይ ቆም እላለሁ።

የዘንድሮዎቹ ልጆች ደግሞ መንገድ የምታሳያቸው እናት የለቻቸውም፤ ብቻቸውን ነው የሚሄዱት።

ውሃውን ያዘጋጀሁት አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውሃ በጥብጬ ነው፤ ቀለም አልጨመርኩም። አንዱ ታዲያ ጠግቦም አልሄደም። ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ ሲያባርር ዋለ። ስስታም! ለሌሎቹ ሁለተኛ ዕቃ በጓሮ በኩል ሰቀልኩ።