ድሪቶ

ዛሬም መኪና ግርግር ወርጄ ነበር። ሐረርን ለማያውቅ፦ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ስሙም የመጣው ከስፌት መኪናቸው ድምፅ ነው። እኔ የምሄደው ልብስ ለማሰፋት አይደለም። ከመኪናው ሥር የወደቀውን ብጣሽ ለመልቀም ነው።

«አቦ፣ ደግሞ መጣሽ?» ይለኛል አንዱ። ፌስታሌን ግን ራሱ ይሞላልኛል።

ድሪቶ መስፋት የወረስኩት ከአያቴ ከእማማ ነው። ቃሉ ስድብ መሆኑን አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ «ድሪቷም» ተብዬ እያለቀስኩ ቤት ገብቻለሁ። እማማ አላባበለችኝም። ድሪቶዋን አልጋው ላይ ዘርግታ በጣቷ እየነካካች ትቆጥርልኝ ጀመር። «ይቺ የእናትሽ የክርስትና ቀሚስ። ይቺ የጎረቤታችን ድሪያ ቀሚስ፣ ሙሽራ ሆና ስትመጣ የለበሰችው። ይሄ ካኪ የአያትሽ ሱሪ፤ የጉልበቱ መጣፊያ ሳይቀር አለ።» ሰፈሩ ልብስ ሲያረጅበት ለእሷ ይሰጣል። የወለደች ሴት ደግሞ አንድ ትንሽ ድሪቶ ይደርሳታል።

ባለፈው ለአንዲት አራስ የሰፋሁት ተበላሸብኝ። ገበሩ አቡጀዲ ነው። አዲስ አቡጀዲ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ሳይሰፋ በፊት ይነከራል። ቸኩዬ ዘለልኩት። የታጠበ ቀን ገበሩ ተሰበሰበ፣ ላዩ እንዳለ ቀረ፣ ድሪቶው ተጨማደደ። ይባስ ብሎ ቀዩ ሻሽ ቀለሙን ለቆ ነጩን ሁሉ ሮዝ አደረገው። እማማ ቀይ ጨርቅ ካገኘች በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሳትፈትገው መርፌ አታስነካውም ነበር። አራሷ ምንም አላለችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የሱቅ ብርድ ልብስ የበለጠ ይሞቃል። ድሬ ብንኖር ደግሞ በዚያ ሙቀት ማን ይደርበው ነበር? እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እማማ እያንዳንዱን ብጣሽ በባለቤቱ ትጠራው ነበር። የእኔዎቹ ባለቤት የላቸውም።

ስለዚህ ዛሬ ልብስ ሰፊውን ጠየቅሁ። «ይሄ ውሃ ሰማያዊው የማን ነው?»

ሰውዬው መኪናውን አቆመ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጨርቁን ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋው። «ጊዲር መጋላ ቲማቲም የምትሸጠዋ! ለልጇ ሰርግ። ሁለቴ አስጠበበችኝ፣ ሁለቴ አስለቀቀችኝ።»

በጨርቁ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። በእርሳስ፤ እስክሪብቶ ይለቃል። አቡጀዲው ከትናንት ማታ ጀምሮ ሳፋ ውስጥ ነው።