ፑንታ ፍለጋ

ዛሬ ከሥራ መልስ ተክለ ሃይማኖት ጎራ አልኩ። ለቤት የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ፑንታ (ድሪል ላይ የሚገባው መብሻ) ፍለጋ። የመጋረጃ ብረትና መደርደሪያ የምሰቅለው አለኝ።

ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣልኝ ወርቅ የመሰለ፣ ብዙ ፍሬ ያለበት ሳጥን ነው። «ይኼን ውሰጂ እህቴ፣ ያልበሳው ነገር የለም!» ሁሉን የሚበሳ ፑንታ ደግሞ የት አለ? ወርቃማው ነገር ቲታኒየም ናይትራይድ የሚባለው ጠንካራ ሽፋን ከሆነ ብረቱ ቶሎ እንዳይበላ ይረዳል። ተራ ቀለምም ሊሆን ይችላል፤ በዓይን አይለይም።

የእኛ ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ኮለኑ ኮንክሪት። ለዚያ የሚያስፈልገው ጫፉ ላይ ካርባይድ የሚባል በጣም ጠንካራ ነገር የተበየደበት ነው። ጫፉ ከግንዱ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ በጣት ሲዳሰስ ያስታውቃል። «ኤችኤስኤስ» የሚል የተጻፈበት ብረት ለመብሳት ነው። እንጨትም ይበሳል። ኮንክሪት ላይ ግን ወዲያው ይዶለዱማል።

ሳጥኑን ትቼ በፍሬ ገዛሁ፤ ባለ 6 እና ባለ 8 ሚሊ ሜትር የግድግዳ፣ ከዚያ አንድ ቀጭን የብረት። ለባለ 6 ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ባለ 6 ፑንታ ነው። ቀዳዳው ከሰፋ ፊሸሩ አብሮ ይዞራል። ባለሱቁ ትንሽ አኮረፈ፤ ዋጋ ግን ቀነሰልኝ፣ ይባረክ።

ደግሞ ኤስዲኤስ የሚባለውን፣ መያዣው ላይ ቦይ ቦይ ያለውን፣ ለተራ ድሪል እንዳትገዙ። በደንብ አይይዘውም።

ጎረቤቶቼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሚሰማው ጩኸት ከወዲሁ ይቅርታ 😄