«እሷ እኮ ወንድ ናት»

ቅዳም ሹር፣ ማታ

ዛሬ ጠዋት እናቴ ዶሮውንና ቢላዋውን ለወንድሜ ስታስረክበው አይቼ የልጅነቴ በዓላት ትዝ አሉኝ። አባቴ በሥራ ምክንያት ክፍለ ሀገር በነበረባቸው ዓመታት፣ ሴት ማረድ አይገባትም ተብሎ ስለሚታመን፣ እናቴ ዶሮዋን ታቅፋ የግቢያችን በር ላይ ትቆምና የሚያልፍ ወንድ ትጠብቅ ነበር። የተገኘውን መንገደኛ «ወንድሜ፣ እባክህ ይችን እረድልኝ» ትለዋለች። አንድ ዓመት ግን ማንም ሳያልፍ ረፈደና ቢላዋውን የሰባት ዓመት ልጅ ለነበረው ለዚሁ ወንድሜ አስያዘችው፤ ከዚያም የእጁን አንጓ በእጇ ደግፋ «በስመ አብ በል» እያለች አሳረደችው። ጉልበቱ የእሷ ነበር፤ ያረደው ግን በጎረቤትም በቤተሰብም ዘንድ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው፣ መንጨቱ፣ ማጠቡ፣ 12ቱን ብልት አንድ በአንድ ማውጣቱ፣ ሁሉም በቢላዋ የሚሠራ ሆኖ ሳለ የሴት ሥራ ነበር። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፣ በአምስት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ አጠገባቸው ቆሜ ሳይ ቢላዋው ለምን ወደ እኔ እንዳልመጣ አልጠየቅሁም፤ እንዲያውም የገረመኝ አይመስለኝም።

ብቸና አካባቢ የኖረችው አያቴ ባሏ የሞተባት ገና በወጣትነቷ ነው። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር የምትኖርበት መሬት በእናቷ በኩል የደረሳት ነበር፤ ድንበሩን የገፋባትን ሰው ዳኛ ፊት አቁማ፣ ጠበቃ ሳትይዝ ተሟግታ እንደረታች በቤታችን እስከ ዛሬ ይወራል። ነገር ግን ሴት እርፍ መጨበጥ ነውር ስለነበር፣ በሬም መሬትም እያላት ማሳዋን በእኩል እየሰጠች የምርቱን ግማሽ ለአራሹ ታካፍል ነበር። መሬት መውረስ የምትችል ሴት ማረስ አለመቻሏ በየትኛውም አዋጅ የተጻፈ አልነበረም፤ ቢሆንም በየዓመቱ የእህሏን ግማሽ ያስከፍላት ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላም፣ በኋለኞቹ ዓመታት በአማራ ክልል ይዞታ ሲለካ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት ደብተር ከተሰጠ በኋላም፣ እርፍ የምትጨብጥ ሴት ማየት ያው ብርቅ ነው።

አያቴን ያገሬው ሰው ሊያሞግሳት ሲፈልግ «እሷ እኮ ወንድ ናት» ይላት ነበር። ልጅ ሳለሁ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ንግግሩ አያቴን ከሴትነት አውጥቶ ወደ ወንድነት አሻገራት እንጂ ሴትነት ራሱ ምን ማድረግ እንደሚችል ያለውን ግምት ንቅንቅ አላደረገውም። እሷ ደፋር ስትሆን ከሴቶች መካከል ተለይታ ወንድ ተባለች፤ የቀሩት ሴቶች እዚያው በነበሩበት ቀሩ። በዛር የተያዘች ሴትም እንዲሁ ናት፤ የሰፈረባት ወንድ ዛር ከሆነ በወንድ አንደበት ትፎክራለች፣ ታዝዛለች፣ ትቆጣለች፤ ቤተሰቡም የጠየቀችውን ያቀርብላታል፤ ዛሩ ሲለቃት ግን ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች። ማኅበረሰባችን አንዲት ሴት ለተወሰነ ሰዓት ወንድ እንድትሆን የሚያደርግ በር እንደነበረው ማወቄ ያስገርመኛል፤ ቁልፉ በእጇ አለመኖሩ ደግሞ ያሳዝነኛል።

የሴቶች ነገር ሁሉ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚሄድ ቀጥ ያለ መንገድ ነው የሚለውን አባባል የማልቀበልበት አንዱ ምክንያት ሕጋችን ነው። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት ተዘጋጅቶ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመናዊ የተባለ ሕግ ነበር፤ ይኸው ሕግ በ635ኛው አንቀጽ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ካደረገ በኋላ፣ ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ሚስት ትእዛዙን መፈጸም እንዳለባት ደንግጓል። ባል ለሚስቱ ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራም ያስገድድ ነበር። ሕጉ የወጣው ደግሞ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥ መብት በሰጠ በአምስተኛው ዓመት ነው፤ እንደራሴዋን መምረጥ የምትችል ሴት የምትኖርበትን ቤት የሚመርጥላት ባሏ ነበር። ይህ እስኪለወጥ 40 ዓመት ፈጀ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አስተዳደር እኩል አደረገ፤ ለሴት 15 ዓመት የነበረውን የጋብቻ ዕድሜም ወደ 18 ከፍ አደረገው።

ቋንቋችንም ከዚህ ነገር ውጪ አይደለም። አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ለያይቶን ሲያበቃ፣ አክብሮት ሲመጣ ልዩነቱን ይተወዋል፤ «እርስዎ» ጾታ የለውም፣ «እሳቸው»ም እንዲሁ። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፣ ስለ እሳቸው የሚነገረውን ዜና ስሰማ ከቀደሙት ፕሬዚዳንቶች ዜና የሚለይ የግሥ ዝርዝር አልነበረውም። ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ ግን ችግሩ ማዕረጉ ላይ ነበር፤ «እቴጌ» የንጉሠ ነገሥት ሚስት መጠሪያ ስለሆነ «ንግሥተ ነገሥታት» መባል ነበረባቸው። እናቴ ደግሞ ስታቆላምጠኝ «አንተ» ትለኛለች፤ «ና እስኪ የኔ ጌታ» ስትለኝ አድጌ፣ አሁንም በዚህ ዕድሜዬ ደስ ይለኛል። ወንድሜ «አንቺ» ሲባል ግን ሊሰድበው ከፈለገ የሰፈር ልጅ አፍ ብቻ ነው የሰማሁት ብል እውነቴን ነው። «ወንዳወንድ» የተባለች ልጅ ቢያንስ ሥራ ስትሠራ ትመሰገናለች፤ «ሴታሴት» የተባለ ልጅ ምስጋና የሚያገኝበት አንድም ሥራ የለም።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ የዛሬው የወንድሜ ነገር ነው። ሪያድ ስድስት ዓመት ሲሠራ ከአገሩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይኖር ነበር፤ እዚያ በወረፋ ያበስሉ ስለነበር ሊጥ ማቡካቱንም አብሲት መጣሉንም ተምሮ መጣ። እውነቱን ለመናገር የእሱ እንጀራ ከእኔ የተሻለ ዓይን ያወጣል። ዛሬ ጠዋት ዶሮውን በግቢው መሀል፣ ጎረቤት ሁሉ እያየው፣ እጅጌውን ሰብስቦ አረደ፤ እጁን ታጠበና ደግሞ ወደ ማድቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። እንጀራውን ሁሉ ጋግሮ ሲጨርስ ከወገቡ ላይ ሽርጡን ፈትቶ ነው የወጣው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ የምንላት ጎረቤታችን ቅመም ልትዋስ መጥታ የመሶቡን ክዳን ገለጥ አደረገችና «ይሄን የመሰለ እንጀራ ማን ጋገረው?» አለች። ወንድሜ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያይ ነበር። እናቴ ወደ እኔ በአገጯ እያመለከተች «ልጄ ናት» አለች። እትዬ እጄን ባረከችልኝ። ወንድሜ ከስልኩ ቀና ሳይል ዝም አለ፤ እኔም «አሜን» አልኩ።