ቀይ ወይን ጠጅ በአዳማ፦ “በክፍል ሙቀት” የሚለውን ምክር አትስሙ

ወይን ጠጅ ጠማቂ ጋብዞ በቡድን መቅመስ አዳማ ላይ የሚከብድ ነገር አይደለም። ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ የምንላት፣ በሞጆ በኩል ሁለት ሰዓት ያህል ብትርቅ ነው፤ ጠማቂው ጠርሙሶቹን በመኪናው ጭኖ ይመጣል። ቀን መቁረጥ፣ ሰው መሰብሰብ፣ አዳራሽ መያዝ በስልክ ያልቃል። ዝግጅቱን የሚገድለው ሙቀት ነው። ይህን አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ከሆቴሉ የአዳራሽ ኃላፊ ጋር ያን ሁሉ ክርክር ባልገጠምኩ ነበር።

መጠኑን ቶሎ ልጨርሰው። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። ለቅምሻ ለአንድ ሰው 50 ይበቃል፤ 12 ሰው 600 ይወስዳል፣ የቀረው 150 “እስቲ ድገሙኝ” ለሚሉት ይሆናል። ከ15 ሰው ካለፋችሁ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ጠርሙስ ያዙ። ዓይነቱ ከ5 አይብለጥ፤ 5 ዓይነት ማለት ለአንድ ሰው 250 ሚሊ ሊትር፣ የጠርሙስ ሲሶ ማለት ነው። አስተናጋጅ በዓይኑ ለክቶ 50 አይቀዳም፣ ሁልጊዜ ያበዛል። ከፋርማሲ በተገዛ ስሪንጅ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ለክታችሁ ብርጭቆው ላይ የት ድረስ እንደሚመጣ አሳዩት። ቅደም ተከተሉ ነጩ ሻርዶኔ፣ ሮዜ፣ ከዚያ ቀዮቹ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን ነው። ጣፋጭ ካለ መጨረሻ ይሁን። “ከጣፋጩ እንጀምር” የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሺ አትበሉት፣ ከጣፋጭ በኋላ ድራይ፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነ፣ ወይን አፍ ላይ ኮምጣጤ ብቻ ይሆናል።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ። “ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቀርባል” የሚለው ደንብ የወጣው ለአውሮፓ የድሮ ቤት ነው፤ ያ ክፍል 16፣ ቢበዛ 18 ዲግሪ ነበር። አዳማ ላይ በሚያዝያና በግንቦት ከሰዓት በኋላ ውጭው 30 ይደርሳል፤ መስኮቱ ወደ ምዕራብ የዞረ አዳራሽ 28 ቢሆን አይግረማችሁ። በዚያ ሙቀት አልኮሉ ከብርጭቆው ይተንና ከፍሬው ሽታ ቀድሞ አፍንጫ ይወጋል። ወይኑ ሕይወት የሚሰጠውን ኮምጣጣነት ያጣል፣ አፍ ላይ ይከብዳል። 13 ወይም 14 በመቶ አልኮል ያለውን ሲራ በ28 ዲግሪ የቀመሰ ሰው “ይሄማ አረቄ ነው” ቢል አይፈረድበትም።

የእኛ የአዳራሽ ኃላፊ ግን “ቀይ ወይን በረዶ አይነካውም” ብሎ ድርቅ አለ። ስልጠና ወስጄበታለሁ ባይ ነው። ነጩን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሮ በ4 ዲግሪ አቀረበው፣ ቀዩን ባር ላይ ከቡና ማሽኑ አጠገብ ደረደረው። ሁለቱም ተበላሹ፤ ያን ያህል የቀዘቀዘ ሻርዶኔ ሽታው ይዘጋና ምላስ የሚያኮማትር ውሃ ይሆናል። ጠማቂው ቴርሞሜትሩን አውጥቶ ቢያሳየው እንኳ መልሱ “የሆቴሉ አሠራር ነው” ነበር። አሠራር! ለአዳራሽ ያን ያህል ከፍለን አንድ ባልዲ በረዶ በልመና።

በረዶው ሲመጣም ባዶውን ነው የመጣው። በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ነው፤ መሀሉን የሚሞላው አየር ነው፣ አየር ደግሞ ቶሎ አያቀዘቅዝም። ግማሽ በረዶ፣ ግማሽ ውሃ አድርጉት። 28 ዲግሪ የነበረ ቀይ ወይን እንዲህ ሲሆን በሩብ ሰዓት ውስጥ 16 እና 17 አካባቢ ይደርሳል፤ ነጩ 10 ላይ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከቸኮላችሁ አንድ ሁለት እፍኝ ጨው ጨምሩበት። ውሃው እስከ ጠርሙሱ አንገት ይድረስ፤ አለዚያ መጀመሪያ የሚቀዳው ከላይ ያለው ሙቁ ነው። ፍሪጅ ለዚሁ ሥራ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

የቀዩ ጠርሙስ ላይ “በ18 ዲግሪ ይቅረብ” ቢልም እኔ የምመክረው 15 ነው። ብርጭቆው ራሱ 28 ዲግሪ ሆኖ ስለሚጠብቅ፣ 50 ሚሊ ሊትር ወይን እንደተቀዳ 2 ወይም 3 ዲግሪ ወዲያው ይጨምራል። የሚቀመሰውን ብቻ አውጡ፣ ቀሪው ባልዲው ውስጥ ይቆይ። የኩሽና ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሆቴል ውስጥ አታገኙም፣ ቢገኝም ወጥ ወጥ ይሸታል።

ሆቴሎች የሚያቀርቡላችሁ ከቀኑ 8 ሰዓትን ነው፤ አዳራሹ ባዶ የሚሆንበት፣ ፀሐዩም የሚበረታበት ሰዓት ስለሆነ። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ያዙ። በጠዋት መጠጥ ነውር ነው የሚል ይኖራል፤ ምላስ ግን ያልደከመው ያኔ ነው፣ ወይኑን ሳይውጥ ቀምሶ የሚተፋ ሰውም አይሰክርም። ረቡዕና ዓርብን ተዉ፤ አይብ ማቅረብ አትችሉም፣ ግማሹም ሰው አይመጣም።

መትፋቱ ላይ ሁሉም ያፍራል። ጠረጴዛ መሀል የሚቀመጠውን ትልቅ ባልዲ ማንም አይጠጋውም። ለየሰዉ ውስጡ የማያሳይ የወረቀት ኩባያ ስጡ፣ ታችኛው ላይ ሶፍት አጣጥፋችሁ አስቀምጡ፤ ድምፅም አይኖረው፣ አይረጭም። ጠማቂው ራሱ ቀድሞ ይትፋ፣ ሌላው ይከተላል።

ምግቡ ነጭ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ለስላሳ አይብ ይሁን። በአዋዜ የታሸ ጥብስ ከመጣ መልሱት፤ በርበሬ የአልኮሉን ማቃጠል ያጎላል፣ አፍ የሚያደርቀውን ታኒንም መራራ ያደርገዋል። ዕጣንና ቡና መቁላት ከቅምሻው በኋላ ነው። ሽቶ ተቀብቶ የመጣ ካለ መስኮት ዳር አስቀምጡት። ብርጭቆዎቹን በባዶነታቸው አሽቱ፤ የሳሙና ወይም የፎጣ ሽታ ካላቸው በሙቅ ውሃ ብቻ እንደገና ይታጠቡ።

ጠማቂውን “የትኛው ይሻላል?” ብላችሁ አትጠይቁት፣ ሁሉም የሱ ነው። “የወይኑን ቅርንጫፍ መቼ ገረዛችሁ፣ ፍሬውን መቼ ለቀማችሁ?” በሉት። ዝዋይ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር በላይ ብትሆንም ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ወይኑን የሚያስተኛ የአውሮፓ ዓይነት ብርድ የለም፣ የዛፉን ዓመት የሚያስጀምረው ገራዡ ነው። ለቀማው ዝናብ ላይ ከወደቀ ፍሬው ይበሰብሳል፣ ጣዕሙም ይቀጥናል። ጥሩ ጠማቂ እዚህ ላይ ነው ወሬው የሚጣፍጠው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ዓመት በፈረንጅ መሆኑንም አትርሱ፤ የካስቴል ኩባንያ የዝዋይ ወይኖች ገበያ የወጡት በ2006 ዓ.ም ነው፣ በፈረንጅ 2014 ማለት ነው። ይህን ያልለየ ሰው ስለ ወይኑ ዕድሜ ሰባት ስምንት ዓመት ተሳስቶ ይከራከራል።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ፣ ቀዩንም ጭምር፣ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት፤ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ሆቴሉ “እናስቀምጥላችሁ” ካለ እምቢ በሉና ይዛችሁ ሂዱ፣ ባር ላይ ከቡና ማሽኑ አጠገብ ነው የሚያቆሙት። መኪናችሁን ቤት ትታችሁ በባጃጅ ኑ።