ከዕድር መዝገብ የጎልማሶችን ሞት መቁጠር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ስምንት ወር የፈጀብኝን ስሌት ባለፈው ቅዳሜ ጨረስኩ። እዚህ ድሬም ሆነ ሐረር የዕድር ወይም የአፎቻ መዝገብ ይዛችሁ እንዲህ ያለ ነገር ለመሞከር የምታስቡ ስላላችሁ፣ የተሳሳትኩበትንም ጨምሬ ልንገራችሁ።

ነገሩ የተነሳው ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን አንዲት የሰፈራችን እናት «ድሮ ሽማግሌ ነበር የምንቀብረው፣ አሁን ገና ልጅ ያላደረሰው ሰው ነው የሚረግፈው» አሉ። የተቃወማቸው የለም። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ መዝገብ አያስፈራኝም። የዕድራችንን ጸሐፊ ጠየቅኩ፤ ጋሼ ከ1994 ዓ.ም ጀምሮ ያሉትን ደብተሮች በፌስታል አስረው ሰጡኝ።

መጀመሪያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ደብተሮቹን ወደ ኤክሴል ገለበጥኩ፤ ሦስት ወር ሄደ። ያኔ መዝገቡ ላይ ያለውን ሞት በሙሉ ነበር የቆጠርኩት። ዕድር ግን የሚከፍለው አባሉ ወይም አብሮት የሚኖረው ሲሞት ብቻ አይደለም። የአባሉ እናት ጅጅጋ ብትሞት እዚህ ድንኳን ይተከላል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ይመዘገባል። እኚያ እናት ከሰፈራችን ነዋሪ ጋር ካልተቆጠሩ ሞታቸውም ከሰፈራችን ሞት ጋር ሊቆጠር አይገባም። ለይቼ አወጣኋቸው። ከዚያ ሰውን በጭንቅላት መቁጠር ትቼ በኖረበት ዓመት ቆጠርኩ፤ ሦስት ዓመት ኖሮ አዲስ አበባ የሄደ ሦስት ሰው-ዓመት ነው።

ሁለት ዘመን መረጥኩ፦ ከ1995 እስከ 2001 እና ከ2009 እስከ 2015፣ እያንዳንዱ ሰባት ዓመት። ዕድሜ ከ45 እስከ 54። በመጀመሪያው ዘመን 1,500 ሰው-ዓመት ገደማና 12 ሞት፤ ከሺህ 8 ማለት ነው። በሁለተኛው 1,600 ሰው-ዓመት ገደማና 15 ሞት፤ ከሺህ 9.4። የሞት ምጣኔው በ17 በመቶ ጨምሯል። በቀይ መስመር ግራፍ ሠርቼ በወሩ ስብሰባ ላይ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ይህን ማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ አንድ ጎረቤቴ በማግስቱ ትልቁን ልጁን ጠርቶ ስለ ኑዛዜ እንዳነጋገረው ሰማሁ።

ዓይኔን የከፈተው የአሜሪካኖቹ ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አን ኬዝና አንገስ ዲተን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን ሂስፓኒክ ያልሆኑ ነጭ አሜሪካውያን ከ45 እስከ 54 ባለው ዕድሜ የሚሞቱበት ምጣኔ ከ1999 እስከ 2013 መጨመሩን አሳተሙ። ምክንያት ብለው ያነሱት የመድኃኒትና የአልኮል መመረዝ፣ ራስን ማጥፋትና የጉበት በሽታ ነበር። ዲተን በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው። የስታቲስቲክስ ምሁሩ አንድሩ ጌልማን ደግሞ አንድ ጥያቄ አመጣ፦ በእነዚህ ዓመታት በዚያ የዕድሜ ክልል ውስጥ ያለው ሰው አማካይ ዕድሜ ራሱ ከፍ አላለም ወይ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት የተወለደው ትውልድ በክልሉ ውስጥ ወደ ላይ እየገፋ ነበር። ዕድሜው ሲስተካከል ከጭማሪው ከፊሉ ጠፋ፤ የቀረው በአብዛኛው የሴቶቹ ሆነ፣ የወንዶቹ ደግሞ እስከ 2005 ወጥቶ ከዚያ ወረደ። ሆኖም ዋናው ግኝታቸው አልፈረሰም፦ በሌሎች ሀብታም አገሮች ይህ ምጣኔ በዚያን ጊዜ በጣም ሲወርድ እዚያ አልወረደም።

ይህን ያነበብኩት ሌሊት ነው። ተነስቼ ደብተሬን ገለጥኩ።

የአዋቂ ሰው የመሞት ዕድል ከዕድሜ ጋር በየስምንት ዓመቱ ገደማ በእጥፍ ያድጋል፤ ቤንጃሚን ጎምፐርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1825 ነው ያሳየው። በአንድ ዓመት ሲታሰብ 9 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ 45ና 54ን አንድ ከረጢት ውስጥ ከከተትን፣ የማንም ጤና ሳይቀየር የሰዎቹ ስብጥር ትንሽ ወደ 54 ቢያዘነብል ምጣኔው ይወጣል።

ክልሉን ለሁለት ከፈልኩት። በመጀመሪያው ዘመን ከ45 እስከ 49 ባሉት ላይ 1,000 ሰው-ዓመትና 7 ሞት፣ ከ50 እስከ 54 ባሉት ላይ 500 ሰው-ዓመትና 5 ሞት። በሁለተኛው ከታች 600 ሰው-ዓመትና 4 ሞት፣ ከላይ 1,000 ሰው-ዓመትና 11 ሞት። ሁለቱን ክፍል እኩል ክብደት ሰጥቼ ሳሰላው የመጀመሪያው ዘመን ከሺህ 8.5፣ ሁለተኛው 8.8 ሆነ። 17 በመቶው ወደ 4 በመቶ ወረደ።

እኚያ እናት አልተሳሳቱም። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ያለ ሰው ድሮ 5 ቀብረን አሁን 11 ቀብረናል፤ ዓይናቸው ያየው እሱን ነው። በእጥፍ የጨመረው ግን እዚያ ዕድሜ ላይ የደረሰው ሰው ብዛት ነው። የዕድራችን ወጣቶች ወደ አዲስ አበባና ወደ ጅቡቲ ሄደዋል፣ አዲስ አባል ጥቂት ነው፣ የቀረነው አብረን እያረጀን ነው።

ይህን ኤክሴል አላሳየኝም። ያሳየኝ ከመርካቶ ያስገዛሁት የሚሊሜትር ወረቀት ነው። አግድም ዓመተ ምሕረቱን፣ ሽቅብ ዕድሜውን ታደርጋላችሁ፤ እያንዳንዱ ሰው ወደ ቀኝ እየሄደ ወደ ላይ የሚወጣ አንድ ሰያፍ መስመር ነው፤ ሲሞት መስመሩ ጫፍ ላይ ነጥብ፣ ሰፈር ሲለቅ ክፍት ክብ። ቪልሄልም ሌክሲስ በተባለ ጀርመናዊ ስም ይጠራል። በ1995 ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ የነበረው ወፍራም የመስመር ጥቅል በ2009 ሃምሳ ሲደርስ፣ ከኋላውም ወረቀቱ ባዶ ሲሆን በአንድ ምሽት አየሁ። ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ሣሉ። በዚህ ነገር አልደራደርም። ዕድሜ ያልተስተካከለ የሞት ግራፍም ለሕዝብ መታየት የለበትም ባይ ነኝ፤ እኔ ያሳየሁት ምን እንዳደረገ ነግሬያችኋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጭንቀት ዕድሜው ራሱ ነው። መዝገባችን ላይ 45፣ 50 እና 55 የሞላ ነው፤ 47 ወይም 52 የሚል በጭንቅ ይገኛል። 53 የሆነው «55 ናቸው» ከተባለ ከክልሌ ይወጣል፣ 48 የሆነው «ሃምሳ» ከተባለ ከታችኛው ክፍል ወደ ላይኛው ይዘላል። መለኪያው የዊፕል ጠቋሚ ይባላል፦ ከ23 እስከ 62 ባለው ዕድሜ ውስጥ በ0ና በ5 የሚያልቁትን ሰዎች በ5 አባዝቶ፣ ለጠቅላላው አካፍሎ፣ በ100 ማባዛት። 100 ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ከ175 ካለፈ ዕድሜው በጣም ሻካራ ነው። የእኔ ከ175 በላይ ነበር።

ስለዚህ ቤት ለቤት ዞርኩ። ጠዋት ነው የምዞረው፣ ከሰዓት ሙቀቱም አያስኬድ፣ ሰውም አይገኝ። ዕድሜ ስንት ነው ብላችሁ አትጠይቁ። «በ1969 ነሐሴ ጦርነቱ ድሬ ሲገባ ጡት ይጠባ ነበር ወይስ ይሮጥ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። እናቶች በዚህ አይሳሳቱም። ሌላው ወጥመድ መታወቂያ ነው፦ አንዳንዱ ላይ የትውልድ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 1965 የሚለውን እንደ ራሳችን ዓመት ከወሰዳችሁት ሰውየውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወጣት አደረጋችሁት። እንዲህ ያሉ ስድስት ሰዎች አግኝቻለሁ። ከላይ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ከዚህ እርማት በኋላ ያሉት ናቸው፤ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ከእርማቱ በፊትም ድምሩ ከዚህ አይርቅም ነበር፣ መከፋፈሉ ነው የተዛባው።

ስለ ጎርፉም ልናገር። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ሌሊት ከተማችን ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከመጀመሪያው ዘመን 12 ሞቶች 2ቱ የዚያ ሌሊት ናቸው። አንድ የማከብረው ባልደረባዬ «ልዩ አደጋ ነው፣ አውጪው» አለኝ። ባወጣቸው የመጀመሪያው ዘመን ከሺህ 6.7 ይሆንና ያልተስተካከለው ጭማሪ ከ17 ወደ 41 በመቶ ይዘላል። ሁለት ሰው ናቸው ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት። አላወጣኋቸውም፤ በሌላ ቀለም አስቀመጥኳቸው። 15 ሞት ራሱ በአጋጣሚ ብቻ ከ8 እስከ 25 ከሚደርስ ትክክለኛ አማካይ ሊመጣ የሚችል ቁጥር ነው፤ ይህን ቀድሜ ብማር ኖሮ ስለ 17 በመቶ አፌን አልከፍትም ነበር።

የመነሻ ዓመትም ምረጡ ስትባሉ ተጠንቀቁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየመቃብር ሥፍራው የተያዘው መዝገብ ከዚያ በኋላ በኤድስ የሚሞተው ጎልማሳ በጣም መቀነሱን አሳይቷል። እኔ 1995ን መነሻ ሳደርግ ከፊሉን የዚያን ክፉ ዘመን ይዣለሁ፤ 1999ን ባደርግ ደግሞ ሌላ መስመር ይወጣል። የሞት ምክንያት ደብተራችን ላይ «በሕመም» ብቻ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ይህን ከመዝገቤ መለየት አልችልም። ከአሁን ወዲያ ጸሐፊው ሕመሙ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አንድ መስመር እንዲጨምሩ ለምኛቸው እሺ ብለውኛል።

የሚቀጥለው ስብሰባ የወሩ መጀመሪያ እሑድ ነው። ቀዩን መስመርና የተስተካከለውን ጎን ለጎን በዚያው ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ። ኑዛዜ ያነጋገረው ጎረቤቴ ቤት ግን እሑድን አልጠብቅም፤ ዛሬ ማታ የሚሊሜትር ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ።