ለአሻንጉሊቶች የተሠራች ቤት

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳን ሆዜ ወደ ካርሜል የወረድኩት ለባሕሩ ብዬ ነበር። ባሕሩን ትንሽ አየሁና የቀረውን ጊዜ ቶሬስ በሚባል መንገድ ዳር ቆሜ አንዲት ቤት ሳይ ፈጀሁት።

ካርሜል ለረጅም ዘመን የቤት ቁጥር ሳይኖራት የኖረች ከተማ ናት። መንገድ ስጠይቃቸው አንዲት አሮጊት "ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ጎዳና መሃል" አሉኝ፤ ልክ አገር ቤት "ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ" እንደምንባባለው።

ቤቷ ሀንሰል ትባላለች። በጣም ትንሽ ናት። ቀጥ ያለ መስመር ብፈልግ አጣሁባት፤ ደስ ያለኝም እሱ ነው።

የሠራት ሂዩ ኮምስቶክ አርክቴክቸር አልተማረም። እ.ኤ.አ. በ1924 እህቱን ሊጠይቅ ወደ ካርሜል መጣ፤ እዚያ ማዮታ ብራውን የምትባል አሻንጉሊት ሠሪ አገኘና አገባት። ኦትሲ ቶትሲ የሚባሉት የጨርቅ አሻንጉሊቶቿ ገበያቸው ደርቶ ቤቱን ሞሉት። እናም ባልየው መሣሪያውን አንስቶ ለአሻንጉሊቶቹ ተረት ውስጥ ያለች የምትመስል ቤት ሠራላቸው። በቃ፣ ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ለሚስቱ።

የእንጨቱን ጌጥ በእጁ ጠርቦታል፤ የጭስ ማውጫው ከአካባቢው ድንጋይ ነው። ልስኑ ውስጥ ደግሞ የጥድ ቅጠል ደባልቋል። ይሄኔ የአያቴ የጭቃ ቤት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ጭቃው እንዳይሰነጣጠቅ የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል፣ በእግር ይቦካል፣ ይሰነብታል፣ ከዚያ አያቴ በመዳፏ እያሻሸች ትለስነዋለች፤ ሲደርቅም የጣቶቿ ፈለግ ግድግዳው ላይ ይቀራል። እሷንም ማንም አላስተማራትም። ኮምስቶክን ሰው ሁሉ ሲያደንቀው ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ ይገባዋል፤ የአያቴን እጅ ግን ማንም ቆሞ አላየላትም፣ እኔም ጭምር።

አሻንጉሊቶቹን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ቤቷን ወደዷት። "ለእኛም ሥራልን" አሉት። ከሀንሰል አጠገብ ግሬትል የምትባል ቤት ተሠራች፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ውስጥ ሌሎች ብዙ ቤቶች ተከተሉ፤ ዶሎረስ መንገድ ላይ ያለችው ተክ ቦክስ የምትባል ቤትም የሱ እጅ ሥራ ናት።

ሀንሰል የሰው መኖሪያ ስለሆነች አጥሩን አላለፍኩም። ከውጭ ሆኜ የግድግዳውን ፎቶ አነሳሁና ለእናቴ በቴሌግራም ላኩላት። የት እንዳለሁ እንኳ አልጻፍኩም።

"ጎበዝ ነው የለሰነው" ብላ መለሰችልኝ። "ጭድ አለበት አይደል?"