የኳርተርባክ ማስታወሻዬ፦ አራተኛ ወር

የአሜሪካን ፉትቦል መማር ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ያዝኩ። ባለፈው ስጽፍላችሁ ገና ያርድ ቆጠራ ላይ ነበርኩ። አሁን አንድ ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ ወደፊት መሄድ አለበት የሚለውን ደንብ ማንንም ሳልጠይቅ እከታተላለሁ። ዓይኔም ኳሱን ማሳደድ ትቶ ኳርተርባኩ ላይ መቆየት ለምዷል።

ኳርተርባክ ማለት በእኛ እግር ኳስ 10 ቁጥሩና አሰልጣኙ አንድ ሰው ቢሆኑ እንደ ማለት ነው። የጨዋታውን ጥሪ ለጓደኞቹ ይነግራል። የተከላካዮቹን አቋቋም አይቶ ዕቅዱን እዚያው በቆመበት ይቀይራል። ከዚያ ኳሱን ለመልቀቅ ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ይሄ ሲገባኝ ነው ጥያቄው የመጣው። ዛሬ አብዛኛው የኤን ኤፍ ኤል (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) ተጫዋች ጥቁር ነው። የድሮ ጨዋታ ስከፍት ግን ሯጩም ተቀባዩም ጥቁር ሆኖ ኳርተርባኩ ነጭ ነው። ለምን?

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ሥራ ቦታዬ ያሉ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ጥያቄዬን ሰምተው «ማርሊን ብሪስኮ ብለህ ፈልግ» አሉኝ። ፈለግኩ። የዚህ ወር ትምህርቴ በሙሉ ከዚያ ስም ተነሣ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ብሪስኮ ኦማሃ ያደገ፣ በኮሌጅ ኳርተርባክ የነበረ ልጅ ነው። በ1968 ዴንቨር ብሮንኮስ በድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት) በ14ኛው ዙር መረጠው፤ ግን ለተከላካይነት። እሱም የሦስት ቀን የኳርተርባክ ሙከራ ካልሰጣችሁኝ ኦማሃ ተመልሼ አስተማሪ እሆናለሁ አለ። ሰጡት። ወረፋው ሲደርሰው ደግሞ በዚያው ዓመት 14 የታችዳውን ኳሶችን አቀበለ (ታችዳውን ማለት በእኛ እንደ ጎል ነው፤ ኳሱን ተጋጣሚው ጫፍ ማድረስ)። ቡድኑ ውስጥ ይህን የጀማሪ ቁጥር እስከ 2024 ድረስ ማንም አልሰበረውም።

በቀጣዩ ዓመት የኳርተርባኮች ስብሰባ እሱ ሳይጠራ ተደረገ። ነገሩ ገባውና ልቀቁኝ አለ። ቡፋሎ ሄዶ ኳስ ተቀባይ ሆነ። ተቀባይነቱንም ተካነበት፤ ማያሚ በ1972 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲያነሣ አብሮ ነበር። ይህን እንደ ጥሩ ፍጻሜ የሚያወሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔን ግን ያንገበግበኛል። ልጁ የሚችለውን በ14 ኳሶች አሳይቷል። ሌላ ምን ያሳይ?

በነገራችን ላይ ከ1934 እስከ 1945 ኤን ኤፍ ኤል ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። በሩ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ቦታ አልተከፈተም። ኳርተርባክ፣ ሴንተር (ኳሱን ለኳርተርባኩ የሚያቀብለው)፣ መሐል ላይንባከር (ተከላካዮቹን ከመሐል የሚመራው) «ጭንቅላት የሚጠይቁ» ተብለው ለነጮች ተያዙ። ጥቁሩን «ፈጣን ነህ፣ አትሌት ነህ» ብለው ወደ ዳር ይወስዱት ነበር። ሙገሳ ይመስላል። ኳርተርባኩ ዋረን ሙን በ1978 ሮዝ ቦውል በሚባለው ትልቅ የኮሌጅ ጨዋታ ኮከብ ሆኖ እንኳ በድራፍቱ ማንም አልመረጠውም። ካናዳ ሄዶ ከኤድመንተን ጋር አምስት ዋንጫ በተከታታይ በላ። ከዚያ በኋላ ነው በ1984 ሂውስተን የወሰደው።

ከሁሉም ደጋግሜ ያየሁት ግን የ1988ቱን ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ) ሁለተኛ ሩብ ነው። የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ ዳግ ዊሊያምስ ነው። በፊት ታምፓ ሲጫወት ደመወዙ ከብዙ ተጠባባቂ ኳርተርባኮች ያንስ ነበር። የዚያን ቀን በመጀመሪያው ሩብ ዴንቨር 10 ለ 0 መራ። ዊሊያምስ ጉልበቱ ተጠማዞ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። የሁለተኛውን ሩብ የመጀመሪያ ኳሱን እየቆምኩ እየመለስኩ አየሁት። ሪኪ ሳንደርስ በቀኝ መስመር ቆሟል። የታሰበው አጭር ኳስ ነበር። ተከላካዩ ተጠግቶ ሊገፋው ሲል ሳንደርስ አምልጦት ሮጠ። ዊሊያምስም ያንኑ አይቶ ኳሱን ረጅም አድርጎ ለቀቀው። 80 ያርድ፣ ታችዳውን። ዋሽንግተን በዚያ ሩብ 18 ጊዜ ብቻ ተጫውቶ 35 ነጥብ አገባ። ጨዋታው 42 ለ 10 አለቀ፣ ዊሊያምስም ኮከብ ተባለ። አዛውንቱ ስለዚያ ቀን ሲያወሩኝ ድምፃቸው ይቀየራል። መንገድ ላይ የማያውቁት ሰው ሁሉ ሲያቅፋቸው እንደነበር ነገሩኝ።

አሁን ጨዋታ ሳይ አንድ ልምምድ ጨምሬያለሁ። ደብተሬን ይዤ ኮሜንታተሩ ማንን «ብልህ»፣ ማንን «አትሌት» እንደሚል እጽፋለሁ። ነገሩ የድሮ ብቻ አይደለም። ላማር ጃክሰን በ2018 ሊመረጥ ሲል ተቀባይ ይሁን የሚሉ ነበሩ፤ እንዲያውም 32ኛ ሆኖ ነው የተመረጠው። በዓመቱ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፣ ድምፅ ሰጪዎቹ በሙሉ እሱን መርጠው። ሁለት ጥቁር ኳርተርባኮች በሱፐር ቦውል ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የተገናኙት ደግሞ በ2023 ነው፤ ማሆምስ እና ኸርትስ፣ 38 ለ 35።

ለሚቀጥለው ወር የያዝኩት ግራምብሊንግን ነው። ዊሊያምስም፣ በ1969 ለቡፋሎ የጀመረው ጄምስ ሃሪስም ሉዊዚያና ካለው ከዚያ የጥቁሮች ኮሌጅ፣ ከአሰልጣኝ ኤዲ ሮቢንሰን እጅ ነው የወጡት። ሰውየው ልጆቹን ቦታችሁን አትቀይሩ እያለ እንዴት እንዳዘጋጃቸው ማወቅ እፈልጋለሁ። የድሮ የግራምብሊንግ ጨዋታ ያላችሁ ካላችሁ ላኩልኝ።